ባዶ የተመለሰ ሳህን

አትላስ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል በር ላይ ፈታሽ ነኝ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። «ጥበቃ ነኝ» ስል ሰው ክንዴን አይቶ ይስቃል፤ ክንዴ የእንጨት ማማሰያ ያህል ነው። ለእኔ ሥራ ግን ጉልበት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው እጅ ነው። እጄ የሴት ቦርሳ ያውቃል። የሕፃን ጡጦ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ የተቀዳ ፀበል፣ አራት ጊዜ የታጠፈ የሐኪም ወረቀት፣ ለምሳ የተቋጠረ ፍርፍር አይቻለሁ። አንዷ እንዲያውም ከሐር ቀሚሷ ጋር አንድ ጥቅል ጎመን ይዛ ሠርግ ገብታለች። ከገበያ በቀጥታ መምጣቷ ነበር፤ «አደራ፣ ሙሽራዋ እንዳታይብኝ» ብላ እኔው ጋ አስቀመጠችው።

ሰው እጁን ዘርግቶ ሲቆም መቀለድ ይወዳል። «አይዞሽ፣ ቦንብ የለኝም» ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም፤ ቶሎ ግንፍል የምል ሰው ስለሆንኩ አንዳንዴም ፊቴ ይጠቁራል። ቦንብ የሚባለውን ነገር እንደ ቀልድ የሚያወራው በቤቱ ያልደረሰበት ሰው ብቻ ነው።

በእኛ በር ላይ አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበር፤ የምናውቀውን ሰው አንፈትሽም። መፈተሽ ማለት «አላመንኩሽም» ማለት ነው፤ የሚያውቁትን ሰው መዳበስ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ አበባ የምታመጣዋ ልጅ፣ የወጥ ቤቱ ሠራተኛ፣ በየሳምንቱ የሚመጣው ደንበኛ፣ ሁሉም «ቤተኛ ነው፣ ይለፍ» ይባላል። በዚህ አንድም ቀን ተሳስተናል ብለን አስበን አናውቅም።

ባለፈው ዓመት የሆቴሉ አስተዳደር ሰብስቦ የግማሽ ቀን ሥልጠና ሰጠን። አሠልጣኙ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም። ሽብር ከየት ይነሣል ብሎ ጠየቀን። አንዱ «ከድህነት» አለ፤ ሌላው «ከሃይማኖት»፤ እኔ «ከጥጋብ» ብዬ አሳቅኳቸው። አሠልጣኙ አልሳቀም። «ብዙ ጊዜ የሚነሣው የሚያዳምጠው ሰው ካጣ ሐዘን ነው» አለ። ከዚያ ምልክቶችን ዘረዘረልን። ከሰው የሚሸሽ፣ ስልኩን የሚደብቅ፣ የሚያውቃቸውን ሁሉ «እኛ» እና «እነሱ» ብሎ የሚከፍል፣ ዕቃውን ለሰው የሚያድል፣ ያለ ምክንያት ይቅርታ የሚጠይቅ። ሁሉንም በማስታወሻ ደብተሬ ላይ በሚያምር ጽሕፈት ገለበጥኩ። የሚደወልበት ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ካርድም ታደለን። በመጨረሻ «ቤተኛ የሚባል ነገር ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል፤ እናታችሁም ብትመጣ ትፈተሽ» ሲል ሁላችንም ሳቅን። እኔማ ልቤ ምሳው ጋ ነበር፤ ክትፎ አለ ተብሎ ነበር፣ አልነበረም።

የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። እኔና እሱ የሰሜን ገጠር ልጆች ነን። በዚያ በክፉው ጊዜ ታጣቂዎች መንደራችን ገብተው ቤታችንን አቃጠሉት፤ አባታችንም እዚያው ሞተ። እናታችን ቀድማ ነው ያረፈችው፣ ይህን ባለማየቷ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ወንድሜ ያኔ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ፈተናው ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። ከዘመድ ጋር ተማከርንና አንነግረውም አልን። በእኛ ወግ መርዶ እንደ ተራ ወሬ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ደጋፊ ባለበት ነው የሚረዳው። ፈተናውን ይጨርስና እናረዳዋለን ተባለ። ሁለት ወር ሙሉ እየደወለ «አባዬ እንዴት ነው?» ሲለኝ «ደህና ነው፣ መብራት ስለሌለ ነው ስልኩ የማይሠራው» እያልኩ ዋሸሁት። ስልኩን ዘግቼ ወደ ጎረቤቴ ቤት እሮጥና እዚያ አለቅሳለሁ።

ጎረቤቴ ከበራችን ፊት ለፊት የሚኖሩ የወሎ ሴት ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ተድረው ወጥተዋል፤ ሰሚት ላይ ትንሽ የልብስ ሱቅ አላቸው። ሙስሊም ናቸው። እኔ ስነፋረቅ አጠገቤ ቁጭ ብለው «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ይሉኛል። አንድ ቀን ግን «ልጁን ብትነግሪው ይሻል ነበር፤ ሐዘን ተደብቆ አይቀመጥም» አሉኝ። እኔም «ወጋችን ነው» አልኳቸው።

ልጁ ፈተናውን ጨርሶ መጣ። ሽማግሌዎቹ በማለዳ መጥተው በሩን ሲያንኳኩ የከፈተው እሱ ነው። ነጠላቸውን አየ፣ እኔን አየ። «አውቃለሁ። ካወቅሁ ወር አልፎኛል» አለና ወንበር አመጣላቸው። እንባ የሚባል አልወጣውም። ሽማግሌዎቹ እየወጡ «ጀግና ነው፣ ወንድ ነው» አሉ። እኔም አብሬ ኮራሁ። ከማን ሰማህ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁትም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሥራ ፈለገ። ማመልከቻ ጽፎ ይሄዳል፣ «እንደውልልሃለን» ይሉታል፣ ይመለሳል። በኋላ መሄዱንም ተወ። ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ይውላል። እኔ ስገባ ስልኩን ይገለብጠዋል፤ ሴት ይዟል ብዬ በሆዴ ደስ ይለኝ ነበር። ቀን ቀን የሺህ ሰው ቦርሳ ስበረብር እየዋልኩ፣ ማታ በራሴ ቤት አንድም ነገር አላይም። ቤተኛ ነዋ።

አሁን ስለ ሳህኑ ልናገር። ሳህኑ የጎረቤቴ ነው፤ ጠርዙ ሰማያዊ፣ መሃሉ ላይ ቀይ አበባ ያለበት፣ አንድ ጎኑ የተላላጠ የብረት ሳህን። በእነሱ በዓል ሥጋ ያልነካው የምስር ሳምቡሳ ሞልቶ ይመጣልናል፤ በእኛ በዓል ድፎ ዳቦ ይዞ ይመለሳል። በዓል በሌለበትም ይመላለሳል። ያለን ሎሚ ከሆነ ሎሚ፣ እፍኝ ቆሎ ከሆነ እፍኝ ቆሎ፤ ሳህን ባዶውን አይመለስም። ይህን ማንም አያስተምረውም፣ ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አዲሱ ኃላፊ ከኋላዬ ሆኖ አፈታተሻችንን እያየ ማስታወሻ ይይዛል። ቀና ስል ጎረቤቴ ጥቁር ጅልባባቸውን ለብሰው፣ ፌስታል አንጠልጥለው፣ ላብ በላብ ሆነው ይመጣሉ። ከአራብሳ አትላስ ድረስ ሁለት ታክሲ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

«ልጄ፣ ስልክሽ አይነሣም…» ብለው ጀመሩ። ሥራ ላይ ስልካችንን ሳጥን ውስጥ ነው የምንቆልፈው። «እትዬ፣ አንድ ጊዜ፣ መጀመሪያ ልፈትሽዎት» አልኳቸው። ኃላፊው እያየኝ ነው። ቀስ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። በእነዚያ እጆች ስንት ጊዜ እንባዬን ጠርገውልኛል! በብብታቸው ሥር፣ በጀርባቸው፣ በጅልባባቸው እጥፋት ሁሉ ገባሁ። ልባቸው ሲመታ በመዳፌ ተሰማኝ። ፌስታሉን ፈታሁ፤ በሻሽ የታሰረ ያ ሳህን አለ፤ ላዩ ላይ ግማሽ ዳቦና ጥቂት ተምር። ዳቦውን ገልብጬ ከሥሩ አየሁ። እፍረቱ እስካሁን ጆሮዬን ያግለዋል።

«ጨረስሽ?» አሉኝ። «እንግዲህ ስሚኝ። ወንድምሽ ዛሬ ጠዋት ሳህኔን መለሰልኝ። ባዶውን።»

ሳቄ መጣ። «እትዬ፣ ወንድ ልጅ ምን ያውቃል! እኔ ማታ ስመጣ…»

«አይደለም! አጥቦ፣ አድርቆ፣ በሁለት እጁ ነው የሰጠኝ። 'ስላበሉኝ ሁሉ ይቅር ይበሉኝ' አለኝ። ላበላ ሰው ምስጋና ነው እንጂ ይቅርታ አለ? ወላሂ ልቤ አልወደደውም። ጃኬቱን ለዘበኛው ሰጥቶታል። 'ወዴት ነው?' ስለው 'ሀገር ቤት ልሄድ ነው፣ ላምበረት መኪና አለ' አለኝ።»

ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። ሀገር ቤት የለንም። ያለን አመድ ነው፤ እሱም ከተቃጠለ ወዲህ ረግጦት አያውቅም። በዚያች ቅጽበት የገዛ ጽሕፈቴ ዓይኔ ላይ መጣ፤ ከሰው የሚሸሽ፣ ስልኩን የሚደብቅ፣ ዕቃውን የሚያድል፣ ይቅርታ የሚጠይቅ። ለኃላፊው «ለቅሶ ነው» ብዬው ወጣሁ። ለቅሶ የሚከለክል አለቃ የለም፤ ደግሞም አልዋሸሁም።

ታክሲ ውስጥ ያቺን ካርድ ይዤ ተቀመጥኩ። ብደውል የእናቴን ልጅ በገዛ እጄ አሳልፌ መስጠቴ ነው። ባልደውል ደግሞ የማላውቀው ሰው ልጅ ሊሞት ይችላል። ሁለቱም አስፈሩኝ። ጎረቤቴ ካርዱን አዩና «መጀመሪያ ፊቱን እንየው» አሉኝ። ስለ ፍተሻው ይቅርታ ልጠይቃቸው ስጀምርም አቋረጡኝ። «ሥራሽ ነው። ቤትሽንም እንዲህ ዳብሰሽው ቢሆን ኖሮ…» ብለው ሳይጨርሱት ወደ መስኮቱ ዞሩ። ተናደድኩ።

ላምበረት መናኸሪያ ስንደርስ አንድ ነጭ ሚኒባስ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል። ወንድሜ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ሻንጣውን ታቅፎ ተቀምጧል። እኔን ሲያይ ፊቱ ድንጋይ ሆነ። ልጮህበት፣ በጥፊ ልለው፣ ኮሌታውን ይዤ ላወርደው ነበር የሄድኩት። ጎረቤቴ አንጓዬን ጨምቀው ያዙኝና እሳቸው ወደ መስኮቱ ቀረቡ። ሻሹን ፈትተው ሳህኑን ወደ ላይ ዘረጉለት።

«ልጄ፣ ሳህኔን ባዶ መለስክልኝ። እኔ ባዶ ሰጥቼህ አላውቅም። እንካ።»

«እትዬ፣ መኪናው ሊሄድ ነው።»

«እንግዲያው ብላና ሳህኔን ስጠኝ። ይዘህብኝ ልትሄድ ነው?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ከፊቱ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ዞር ብለው «ኧረ ውረድ አንተ ልጅ! እናትህን ፀሐይ ላይ ታቆማለህ?» አሉት። እናቱ መስለዋቸው ነው። ወንድሜ ምን ብሎ ያስረዳ? ሻንጣውን ይዞ ወረደ።

የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ጎረቤቴ ከጠርሙስ ውሃ እያፈሰሱ እጁን አስታጠቡት። ዳቦውን ቆርሰው በተምር አጎረሱት። አላመጠ፣ መዋጥ ግን አቃተው። ረዳቱ ሁለት ጊዜ ጠራው፣ ከዚያ በሱ ቦታ ሌላ ሰው ጭነው ሄዱ። ወንድሜ መኪናውን በዓይኑ እስከ መታጠፊያው ሸኘው፤ አልተነሣም። ከዚያ ጉንጩ ዳቦ እንደሞላ «አባዬ!» ብሎ ጮኸ። ሁለት ዓመት የተቀመጠ ልቅሶ ነው፤ መናኸሪያው ሁሉ ዞሮ አየን።

ሲረጋጋ ነገሩን ነገረን። ፈተናው አንድ ወር ሲቀረው በስልክ ግሩፕ ውስጥ አንድ የማያውቀው ሰው የተቃጠለ ቤት ፎቶ ልኮለት «ይህ የአባትህ ቤት አይደለም?» አለው። ያ ሰው በየምሽቱ እየጻፈ አጽናናው። «በላህ ወይ?» ይለው ነበር። ከዚያ ቀስ እያለ ይህን ያደረጉብህ እነሱ ናቸው፣ ዝም የምትል ከሆነ የአባትህ ልጅ አይደለህም ይለው ጀመር።

«አንቺ ሁለት ወር 'አባዬ ደህና ነው' አልሽኝ» አለኝ። «እሱ አልዋሸኝም።»

ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ዱላ አለ? መርዶውን እኔ ነፈግሁት፣ ባዕድ ሰው አረዳው። ሐዘኑንም ያው ባዕድ ወሰደው። ያ ሰው ክፉ መሆኑን አውቃለሁ፤ በሩን የከፈትኩለት ግን እኔ ነኝ።

ዛሬ የሚሄደው አንድ ከተማ ነበር። እዚያ ሰው ይቀበለዋል፣ አንድ ዕቃ ይሰጠዋል፣ በገበያ ቀን ገበያው መሃል አስቀምጦ ይመለሳል። «ምን ዓይነት ዕቃ?» አልኩት። «አልጠየቅሁም» አለ። አለመጠየቁ ከሁሉም በላይ አስፈራኝ።

«ገበያው የማን ነው?» አሉት ጎረቤቴ።

«የእነሱ።»

«የእነማን?»

ቀና ብሎ አያቸው። ጅልባባቸውን አየ፣ በጭናቸው ላይ ያለውን ሳህን አየ። አቀረቀረ። እሳቸው ሻሹን መልሰው ሳህኑን አሰሩና «ተነሥ። አንተ ባትሄድ ሌላ ልጅ ይልካሉ። ገበያተኛው እንደሆነ ይወጣል። ዝም ብንል ደሙ በእኛ ነው» አሉ።

ካርዷን አልተጠቀምኩባትም። በመጀመሪያ ወደ ቤት ወሰድነው። የብሎካችን የእድር ሊቀመንበር ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ጠራናቸውና ነገርናቸው። ሰዓታቸውን አይተው «ወደ ፖሊስ ከመሄዳችን በፊት አንድ ሰዓት አላችሁ» አሉ። በዚያች አንድ ሰዓት በጎረቤቴ ሳሎን ውስጥ የፎቁ ሰው ተሰብስቦ አባታችንን አለቀሰ። ማንም ለምን አሁን ብሎ አልጠየቀም። ከዚያ ሊቀመንበሩ ከጎኑ ሆነው፣ ወንድሜ በገዛ እግሩ ሄዶ፣ ስልኩን በገዛ እጁ ለፖሊስ ሰጠ። እኔ ከኋላ ስሄድ ነፍስ አድኛለሁ ወይስ ወንድሜን ሸጫለሁ የሚለው ሐሳብ ሲፈራረቅብኝ ነበር። እስካሁን አልለየልኝም። የዚያች ከተማ ገበያ በሰላም ውሎ መግባቱን ግን ሰማሁ፤ በእሱ ቃል ይሁን በሌላ የነገረን የለም።

ወንድሜ እዚያው ጣቢያ ታሰረ፤ ስንቅ ማቀበል ጀመርን። አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን ጎረቤቴ፣ እረፍቴ ከሆነ ሁለታችንም። በጣቢያው በር ላይ ያለችው ፈታሽ ወጣት ናት። እጄን አዘረጋችኝ፣ ዳበሰችኝ፣ ወጡን በማንኪያ እጀታ ወጋግታ «ቅመሺ» አለችኝ። የራሴን ሥራ ከወዲያ ማዶ ሆኜ አየሁት። «አይዞሽ፣ ቦንብ የለኝም» የሚሉኝ ሰዎች ምናልባት ቀልደኛ ሳይሆኑ አፍረው እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ወደ ሥራዬ ስመለስ፣ መዳፌን ሰው ላይ ከማሳረፌ በፊት «ይቅርታ» ማለት ጀመርኩ።

ሳህኑ በየቀኑ ሙሉ ይገባል፣ ታጥቦ ባዶውን ይወጣል። ከእስር ቤት ምን ይጠበቃል? ጎረቤቴ ግን ሳህኑ በወጣ ቁጥር ሻሹን ፈትተው ያዩታል። ያዩና መልሰው ያስራሉ። ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ መቁጠሪያቸውን አይለቁም። ያን ሰሞን እኔም ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም፤ ልጁ ተመልሶልናል ወይስ አካሉ ብቻ ነው የቀረው?

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሁለታችንም ሄድን። የወሰድነው ምስር ወጥ በእንጀራ ነበር። ተቀምጠን ጠበቅን፤ ሳህኑ ወጣ። ፈታሿ እንደ ልማዷ ሻሹን ፈታችና ቅር አላት። ሳህኑ ላይ ግማሽ ዳቦ አለ። ጠዋት ከሻይ ጋር የሚታደላቸው፣ ደረቅ ያለ፣ በእጅ የተቆረሰ ዳቦ። በላዩ ላይ ንጹሕ ወረቀት አልብሶታል።

ጎረቤቴ አፋቸውን በሻሻቸው ጠርዝ ያዙ። እንባቸው በጣቶቻቸው መሃል ወረደ።

ፈታሿ ደነገጠች። «ምነው፣ አሞታል እንዴ? ያመጣችሁለትን ሳይጨርስ መልሷል እኮ» አለችኝ።

«አይ እህቴ፣ ጨርሷል» አልኳት። «ይሄኛው ለእሳቸው ነው።»